የእንጨት ገበታና ጌጡ

ለዘንድሮው እትም ከእኛ የሚጠበቀውን ጽሑፍ ስለ እንጨት ገበታ አድርገነዋል። አንዳንዱ አንባቢ «ስንት ቁም ነገር እያለ ምን የሳህን ወሬ አመጡብን» ሊል ይችላል። ይበል። እድር ማለት እኮ ግማሹ ዕቃ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ ባይኖር ለቀስተኛው ምን ላይ ይቀመጣል? በምንስ ይበላል? እኛም ዕድሜያችንን በንብረት መዝገብ ላይ የፈጀን፣ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ስለሆንን ከምናውቀው ዕቃ ብንጀምር ይሻላል ብለናል።

ነገሩን ያነሣሣን የአንድ ተማሪ ልጅ ጥያቄ ነው። በውጭ አገር የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን እየፈለፈሉ በጠርዙ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ድንጋይ እንደ ቀለበት ፈርጥ እየሰኩ እንደሚያስጌጡ በሥዕል አይቶ፣ «እኛስ አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበረ ወይ?» ሲል ጠየቀን። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም።

በመሠረቱ ድንጋይን ከእንጨት ጋር ማጋባት በዓለም ላይ የቆየ ጥበብ ነው። ዛሬ ኢራቅ በምንላት አገር፣ ዑር በተባለችው ጥንታዊት ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ገደማ የተሠራ አንድ የእንጨት ሣጥን ተገኝቷል። ላዩ በሰማያዊ ድንጋይ፣ በቀይ ድንጋይና በባሕር ዛጎል ተለብጦ ሰዎች፣ በጎችና ሠረገሎች ተሥለውበታል። ማጣበቂያው ከመሬት የሚወጣ ጥቁር ሬንጅ ነበር። ሰማያዊው ድንጋይ የመጣው ከሩቅ፣ ከአፍጋኒስታን ተራራ ነው። ሣጥኑ ዛሬ ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። በሜክሲኮም የአዝቴክ ሰዎች የእንጨት ቅርጽ እየጠረቡ በትናንሽ አረንጓዴ ድንጋይ ያለብሱት ነበር።

የእኛም አገር ሰው አንዱን ነገር በሌላው ላይ መለበጥ አያውቅም ማለት አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በብርና በመዳብ ገንዘባቸው ላይ፣ የንጉሡ ምስል ባለበት ዙሪያ፣ ወርቅ ያስለብጡ ነበር። ይህን ከመሰለ ረቂቅ ሥራ የደረሰ እጅ በእንጨት ላይ ድንጋይ መሰካት አቅቶት አይደለም። የእኛ ገበታ ጌጥ በሌላ መንገድ ሄደ ማለቱ ይሻላል።

ድንጋይ በእኛ ዘንድ ጌጥ ከመሆን ይልቅ መሣሪያ ሆኖ ኖረ። ከእኛ ከቃሊቲ በስተደቡብ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ የሚባለውን ስፍራ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እዚያው አጠገብ ባልጩት የሚባል ቦታ አለ፤ ስሙም ከድንጋዩ ነው። እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ድንጋይ የጥንት ሰው እየሰበረ ቢላዋና መፋቂያ አድርጎበታል። ሁለቱም ቦታዎች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በደቡብ አገር ቆዳ ፋቂዎች በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ሲፍቁ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ታይተዋል። በእንጨትና በጠጠር መካከል ሌላ ዝምድና ፈልግ ከተባልን የምናውቀው የገበጣ ጨዋታን ነው፤ እዚያም ጠጠሩ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዘዋወራል እንጂ አይሰካም።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። ገበታ ማለት ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ሰፊ የእንጨት ሳህን ነው። በእኛ አካባቢ የነበሩት የኦሮሞ ሽማግሌዎች ጎድጓዳውን ቆሪ ይሉታል፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ቆሎም ሆነ በቅቤ የተጠበሰ ቡና የሚቀርበው በእርሱ ነው። እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም እንደ ሌላው ቶሎ አይሰነጠቅም። ጠራቢው እንጨቱን በእርጥቡ በመጥረቢያ ይከረክመዋል፣ ውስጡን በፋስና በመሮ ይፈለፍላል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ያቆየዋል። ፀሐይ ላይ የጣለው እንደሆነ የሳምንት ድካሙ በአንድ ቀን ተተርትሮ ያድራል። ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል፣ ጢስ ያገኘዋል፤ እየዋለ እያደረም ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃል። እንግዲህ አንደኛው ጌጥ ይሄ ነው። በገንዘብ አይገዛም፤ የብዙ ዓመት የሰው እጅና የቤት ጢስ የሠራው ነው።

ሁለተኛው ጌጥ በጠርዙ ላይ በቢላዋ የሚቀረጸው መስመርና በጋለ ብረት የሚተኮሰው ምልክት ነው። ከውጭ የመጣ ጌጥም አልታጣም። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ በነጋዴ ጀርባ ደጋ ድረስ የወጣው ዛጎል በቆዳ ላይ እየተሰፋ በወተት ዕቃ ዙሪያ ይታሰራል። ዛጎል የባሕር ነገር ነው፤ ያ የዑር ሣጥንም ያጌጠው በዚሁ በባሕር ዛጎል ጭምር ነበርና ያ ተማሪ ልጅ ለጥያቄው ትንሽ ማጽናኛ ያገኛል ብለን እናስባለን። በሐረር ደግሞ የእንጨት ገበታው ራሱ የቤት ጌጥ ሆኖ ከስፌቱ ጋር በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሦስተኛም አለ፤ ሰው ጌጥ አይለውም እንጂ ለእኛ ዓይን ከሁሉ የሚያምረው እርሱ ነው። የተሰነጠቀ ገበታ አይጣልም። ግራና ቀኙ ተበስቶ በሽቦ ይሰፋል፣ ወይም ቁራጭ ቆርቆሮ ይመታበታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሠራው ማነው? ጽሑፉን ለመጻፍ ስንነሣ ያስጨነቀን ይህ ነው። በጉራጌ አገር የእንጨት ሥራ የያዙት፣ የቤቱን ምሰሶም የሚያቆሙት «ፉጋ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ስሙ መናቂያ ስለሆነ አንዴ ጽፈነዋልና አንደግመውም። ዊሊያም ሻክ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ ስለ ጉራጌ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እነርሱ ጽፏል። መሬት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም ነበር። ገበታውን ጠርቦ ያመጣው ሰው ከገበታው አብሮ አይበላም ነበር። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ በብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪውም፣ ቀጥቃጩም፣ ፋቂውም እንዲሁ ነበር፤ እድር ውስጥ የማይገቡበት፣ ሲሞቱም መቃብራቸው የሚለይበት አገር እንደነበረ አጥኚዎች መዝግበዋል።

በሰሜኑም ቢሆን ንጹሕ ነን አንልም፤ ቡዳ እያለ ቀጥቃጭን የሚሸሽ ስንት አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል የበዛ እንደነበረ ያሳያል። መሬቱ የመጣው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ መሬት ሊደረስ ይችላል፤ አብሮ መብላት ግን በአዋጅ የሚሆን አልሆነም።

ይህን ለእድር መጽሔት የምንጽፍበት ምክንያት አለን። በአዲስ አበባ የእድር አጀማመር ሲነገር ከጉራጌ አገር የመጡት ሠራተኞች ስም ከፊት ይነሣል፤ በሰው ከተማ ሞተን ሳንቀበር እንዳንቀር ብለው ነው መዋጮ የጀመሩት። ማኅበሩ የወጣበት አገርና ገበታው የወጣበት አገር አንድ ነው። ማኅበሩ ግን በአገር ቤት ገበታ ጠራቢውን በራፍ ላይ ያቆመበት ቦታ ነበረ። በእኛ እድር ቀባሪና ተቀባሪ በወር መዋጮ እንጂ በሙያ አይለይም። ይህን ደንብ የጻፉት ቀደምቶቻችን ምን ያህል ነገር እንዳፈረሱበት ዛሬ በአራተኛው አንቀጽ ላይ እያለፍነው እናነባለን እንጂ ልብ አንለውም።

ገበታው ከቤታችን እንዴት እንደወጣ ብዙ አናትትም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ መስመሩም በአቃቂ በኩል ነው። የውጭ ዕቃ መንገድ አገኘ። አበባ የተሣለበት የቆርቆሮ ሳህን መጣ፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይታጠባል፣ ተደራርቦ ይቀመጣል። ለእድር እጅግ የተመቸ ነው፤ ይህን መካድ አንችልም። ከዚያ ፕላስቲክ ተከተለ። ልዋጭ የሚለው ልጅም በየበሩ እየዞረ አሮጌውን ገበታ ተቀብሎ የፕላስቲክ ማስታጠቢያ ሰጠ። ያ ገበታ ዞሮ ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት ሲሸጥ ዋጋው ስንት ማስታጠቢያ እንደሚያወጣ አስቡት። በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የአገር ቤት ዕቃዎች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ልጆቻችሁን ብትወስዱ ጥሩ ነው።

በእድራችን ዕቃ ቤት አራት የእንጨት ገበታ አለ። በመዝገቡ ላይ «የእንጨት ሳህን፣ አሮጌ፣ ብዛት 4» ተብሎ ሰፍሯል። በሥራ ዘመናችን ስንት ሞዴል 19ና ሞዴል 22 ጽፈናል፤ ዓይነት፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ ምርመራ የሚል ዓምድ አለው፤ ማን ሠራው የሚል ዓምድ ያለው ቅጽ አላየንም። ባለፈው ቆጠራ አገልግሎት አይሰጡምና ይወገዱ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድማችን ቦታ ስለጠበበ ነው፤ አንወቅሳቸውም። ነገር ግን አራት ገበታ ይህን ያህል ቦታ አይፈጅም። እንዲቆዩና የሚታወቀው ሁሉ በምርመራ ዓምድ ውስጥ እንዲጻፍ ለኮሚቴው አመልክተናል፤ ከየት እንደመጡ፣ ማን ለእድሩ እንደሰጣቸው፣ ከተቻለም ማን እንደጠረባቸው።

ሁለቱ በሽቦ የተሰፉ ናቸው። ከሁለቱ ትልቁ ከሥሩ በጋለ ብረት የተተኮሰ ሦስት መስመርና አንድ ክብ ምልክት አለበት። ምልክቱን የሚያውቅ አባት ወይም እናት ካለ፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ መዋጮ ሲከፍሉ ለጸሐፊው ይንገሩልን።