ከድል በኋላ የሚመጣው ጥያቄ፦ ከኮርክ እስከ ብቸና

የኬን ሎች ፊልም «ገብሱን የሚያወዛውዘው ነፋስ» እ.ኤ.አ. በ2006 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1920 በደቡብ አየርላንድ፣ በኮርክ አውራጃ ይጀምራል። ሐኪሙ ዴሚየንና ወንድሙ ቴዲ የእንግሊዝን ጦር አብረው ይዋጋሉ። እ.ኤ.አ. የ1921ዱ ስምምነት ሲፈረም ግን ቴዲ የአዲሱን መንግሥት የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ ዴሚየን ስምምነቱን እንደ ክህደት ይቈጥረዋል። በመጨረሻ ወንድም ወንድሙን ያስረሽናል። ፊልሙ ከባዱን ጥያቄ የሚያነሣው ጠላት ከወጣ በኋላ ነው፦ የተገኘው ነጻነት የማን ነው?

በኮሎምበስ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የአየርላንድ ትዝታ እንግዳ አይደለም። ከከተማችን በስተሰሜን ምዕራብ ያለችው ደብሊን ስሟን ከአየርላንድ መዲና ወስዳ በየዓመቱ ኦገስት መጀመሪያ ላይ የአይሪሽ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። ይበልጥ የሚያቀራርበን ግን ያው ጥያቄ በ1933 ዓ.ም. በአገራችንም መነሣቱ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው ሲሰደዱ በየዱሩ የቀሩት አርበኞች 5 ዓመት ሙሉ ጣሊያንን መግቢያ መውጫ አሳጡት። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲመለሱ አርበኛው፣ ስደተኛውና ባንዳው በአንድ መንግሥት ጥላ ሥር ተገናኙ። እንደገና ለሚቋቋመው አስተዳደር ሠራተኛ ያስፈልግ ስለ ነበር ጣሊያንን ያገለገሉ ሰዎችም ቦታ አገኙ።

በጎጃም ለጣሊያን ያልተንበረከኩት በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብለው ብቸናን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ሹመቱ ለውለታቸው እንደማይመጥን ተሰማቸው፤ ከመንግሥት ጋር ተኳርፈው ሸፈቱ። ተይዘው ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠላቸው፤ ለማምለጥ ሲሞክሩ እንደገና ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ በጦርነቱ ጊዜ ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው የነበሩት ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበሩ። አርበኛውና ባንዳው አንድ መስቀያ ላይ ዋሉ።

ይህን የውለታ ቢስነት ታሪክ ብቻ አድርጎ መተረክ ይቀላል፤ በቂ ግን አይደለም። አርበኛ ሁሉ አልተገፋም። የሸዋው ራስ አበበ አረጋይ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር እስከ ተገደሉበት ቀን ድረስ ከመንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነበሩ። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ ጠቅላይ ግዛቶችን በደመወዝ በሚኖሩ ሹማምንት ለማስተዳደር አቅዶ ነበር። የራሱን ሠራዊት ያስከተለ አርበኛ ለዚህ እቅድ እንቅፋት ነበር። የአየርላንድ አዲስ መንግሥትም በተመሳሳይ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1922 እና 1923 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ከ70 በላይ የቀድሞ የትግል ጓዶቹን ረሽኗል። በጭካኔው ከእኛ አልተሻለም።

መንገዱ የተለየው ከዚያ ወዲህ ነው። የተሸነፈው ወገን መሪ ኤመን ዴ ቫሌራ እ.ኤ.አ. በ1926 ፓርቲ አቋቋሙ፤ በ1927 ምክር ቤት ገቡ፤ በ1932 በምርጫ አሸንፈው ሥልጣን ያዙ። ከ10 ዓመት በፊት የወጓቸው ሰዎች ሥልጣኑን በሰላም አስረከቧቸው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ በር አልነበረም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ያቋቋመው ፓርላማ ሕዝብ የመረጠው አልነበረም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የእንደራሴዎች ምርጫ ቢያመጣም ፓርቲ አልነበረም። ስለዚህ ያኰረፈ አርበኛ የነበረው ምርጫ ደጅ መጥናት፣ ማሤር ወይም መሸፈት ነበር። የንጉሡን ስደት አጥብቀው የተቃወሙት ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት በሹመትና በእስር መካከል ሲመላለሱ ኖረው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ ኃይሎች ጋር ሲታኰሱ ሞቱ።

«ባንዳ» የሚለው ቃል ዛሬም በውጭ አገር ስብሰባዎቻችን ላይ ለፖለቲካ ተቃዋሚ መስደቢያ ሆኖ ያገለግላል። ቃሉ የሚነግረን ማን እንደ ከዳ ነው፤ ያኰረፈው ሰው ነገ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረንም። ስለ አገራችን የፖለቲካ ሽግግር ሰነድ የምናዘጋጅ ወይም የምንተች ሰዎች በእያንዳንዱ ረቂቅ ላይ አንድ ጥያቄ ማስቀደም ይገባናል፦ ዛሬ የተሸነፈው ወገን መሣሪያ ሳያነሣ ወደ ሥልጣን የሚመለስበት መንገድ በየትኛው አንቀጽ ተጽፏል?