የካዝናው ቁልፍ በስንት ሴት እጅ ነው?



ባለፈው ዓመት ከሁለታችን የሒሳብ ሠራተኞች አንዷ አራስ ነበረች፤ ሌላዋም እናቷ ታመውባት ክፍለ ሀገር ሄዳ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት አባላት የብድር ተመላሽ ይዘው ሲመጡ ገንዘቡን የሚቀበል ሰው ተገኘ፤ በመዝገብ የሚያሰፍር ግን አልተገኘም። ከገንዘቡ አንድም ብር አልጎደለም። ይሁን እንጂ ደረሰኞቹ በፖስታ ውስጥ ተከማችተው ቆዩ፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዘገየ፣ አዲስ ብድር የጠየቁ እህቶችም ቀሪ ሒሳቡ እስኪታወቅ ድረስ ጠበቁ። ጥፋቱ የእኛ ነው። መዝገቡን የምናውቀው እኛ ብቻ ሆነን ስንቀር ዝም ብለን ያየነው ራሳችን ነን።

ዝም ያልነው ለምን እንደሆነም እናውቃለን። ወደዚህ ሙያ ስንገባ የገንዘብ ሥራ የወንድ ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ በየቢሮው ነበር። ቼክ ይዘን ስንሄድ "ኃላፊያችሁ የት አሉ?" ተብለን ከኋላችን ወንድ የተፈለገበትን ቀን አንረሳም። በብዙ መከራ የተገኘን ወንበር ሰው አጥብቆ ይይዛል። ለዚህ ነው በዚህ እትም የአንዲትን ሴት ታሪክ ማቅረብ የፈለግነው። እሳቸውም ወንበሩን በመከራ ነበር ያገኙት፤ ካገኙት በኋላ ግን አጠገባቸው ሌላ ወንበር ጨመሩ።

ሴትዮዋ ማጊ ሊና ዎከር ይባላሉ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዓመታት በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ኤልዛቤት ድሬፐር ቀድሞ በባርነት የኖሩ ጥቁር ሴት ነበሩ። የእንጀራ አባታቸው ሲሞቱ እናትየው የሰው ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ትንሿ ማጊም የታጠበውን ልብስ እየተሸከሙ በየደንበኛው ቤት ያደርሱ ነበር። ትምህርታቸውን በ1883 እ.ኤ.አ. ጨርሰው መምህርት ሆኑ፤ በ1886 ሲያገቡ ግን ያገባች ሴት ማስተማር አትችልም የሚል ደንብ ስለነበረ ሥራቸውን ለቀቁ።

ወይዘሮ ማጊ በ14 ዓመታቸው የቅዱስ ሉቃስ ነፃ ማኅበር የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አባል ሆነው ነበር። ማኅበሩን በ1867 በባልቲሞር ከተማ ያቋቋሙት ሜሪ ፕራውት የተባሉ ጥቁር ሴት ናቸው። አባላት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፤ የታመመ ይረዳበታል፣ የሞተ ይቀበርበታል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እድር ነው። በብዙ ሰፈር እድር ውስጥ ወጥ የሚሠሩትና እንግዳ የሚያስተናግዱት ሴቶች ሆነው ሳለ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ወንዶች እንደሚሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ። እዚያም ማኅበሩን ሴት ብታቋቁመውም፣ ወይዘሮ ማጊ ከመምጣታቸው በፊት ለብዙ ዓመታት ዋና ጸሐፊ ሆኖ የመራው ወንድ ነበር።

በ1899 እ.ኤ.አ. ወይዘሮ ማጊ በዋና ጸሐፊነት ሲመረጡ ማኅበሩ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። የተረከቡት ካዝና 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ብቻ ነበረው፤ ያልተከፈለው ዕዳ ደግሞ 400 ዶላር ነበር። ከሳቸው በፊት የነበረው ጸሐፊ በዓመት 300 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ እሳቸው በ100 ዶላር ሥራውን ተቀበሉ። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን ስናነብ የደመወዙ ነገር ያስቆጨናል። ለተመሳሳይ ሥራ ሲሦ ደመወዝ መቀበል ምሳሌ እንዲሆን አንፈልግም። የተረከቡትን መዝገብ ምን እንዳደረጉት ግን መማር እንፈልጋለን።

በ1901 ለማኅበሩ ጉባኤ ሦስት ነገር አቀረቡ፤ ጋዜጣ፣ ባንክና መደብር ይኑረን አሉ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። አባላቱ ልብስ አጥበውና ቤት ጠርገው ያገኙትን ሳንቲም አንድ ላይ ካስቀመጡት፣ መልሰው ለራሳቸው ሊያበድሩት ይችላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የምንለው ማለት ነው። ጋዜጣው በ1902 ወጣ። ባንኩን ከመክፈታቸው በፊት ግን ወይዘሮ ማጊ አንድ ሥራ ሠሩ። የማኅበር መሪ ነኝ ብለው ሳይኮሩ፣ በከተማው ወደነበረ ባንክ እየሄዱ ቁጭ ብለው የባንክ አሠራር ተማሩ። የሒሳብ አያያዝ ትምህርትም ቀደም ብለው ወስደው ነበር።

የቅዱስ ሉቃስ የሳንቲም ቁጠባ ባንክ ኅዳር 2 ቀን 1903 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተከፈተ። ወይዘሮ ማጊም በአሜሪካ ባንክ አቋቁመው በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በመጀመሪያው ቀን የገባው ተቀማጭ ከ8,000 ዶላር በላይ ነበር። ከአስቀማጮቹ አንዱ ሒሳብ የከፈተው በ31 ሳንቲም ነው። ያ 31 ሳንቲም እንደማንኛውም ተቀማጭ በስሙ ተመዘገበ። ለልጆችም ትንንሽ የሳንቲም ሣጥኖች ይታደሉ ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ዶላር ሲሞላ ልጁ የራሱን ሒሳብ ይከፍታል።

ከዚህ ሁሉ የእኛን ልብ የነካው ግን በቢሮው ውስጥ የተሠራው ነው። በዚያ ዘመን በሪችመንድ ጥቁር ሴት የምታገኘው ሥራ በአብዛኛው የሰው ቤት ማገልገል፣ ልብስ ማጠብ ወይም ትንባሆ ፋብሪካ ውስጥ መሥራት ነበር። ወይዘሮ ማጊ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ በጋዜጣውና በባንኩ ወጣት ሴቶችን ቀጥረው ጽሕፈት፣ የሒሳብ አያያዝና የደንበኛ አገልግሎት እንዲሠሩ አደረጉ። ወንዶችም አብረዋቸው ሠርተዋል። ሴቶቹ ግን ሥራውን የተማሩት በሥራው ላይ ሆነው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ነው። "በርቺ" የሚል ቃል ብቻ ተሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ተመልሰው ወደ ልብስ ማጠቢያው ይሄዱ ነበር።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካም። በ1905 የከፈቱት መደብር ጥቁር ሴቶችን በሻጭነት የቀጠረ ነበር። ነጭ ነጋዴዎች ግን ተባብረው ተነሡበት፤ ዕቃ አከፋፋዮችም እንዳይሸጡለት ጫና አደረጉ። መደብሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ይህን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ውሸት ይሆንብናል፤ ችሎታና ትጋት ብቻውን የማይከፍተው በር አለ።

ባንኩ ግን ቆየ። በ1930 ገደማ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ከሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር ተዋሕዶ ተረፈ፤ ወይዘሮ ማጊም የቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በመጨረሻ ዘመናቸው እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየተንቀሳቀሱ ሥራቸውን ቀጥለዋል። በ1934 ሲያርፉም ባንኩ በሩን አልዘጋም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩበትና።

በአገራችንም የዚህ ዓይነት ታሪክ ተጀምሯል። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ በሴቶች መሥራችነት የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። እሳቸው በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ትልቁን በር የከፈቱ እህቶች አሉን ማለት ነው። የእኛ ድርሻ ትንሹን፣ የራሳችንን ካዝና በር መክፈት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዳችን ሁለት ወጣት አባላትን ለአንድ ዓመት አጠገባችን እናስቀምጣለን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደረሰኝ መቁረጥና መዝገብ ማስፈር ይማራሉ። ቀጥሎ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን እነሱ ይሠራሉ፣ እኛ እናያለን። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱን ለጉባኤው የሚያቀርቡት እነሱ ይሆናሉ፤ እኛ ከአባላት ጋር ተቀምጠን እንሰማለን። ስሕተት ይኖራል። እኛም ስንጀምር ተሳስተናል፤ ስሕተት በቀይ እስክርቢቶ ይታረማል።

ደጋፊዎቻችን ለሥልጠና የምትሰጡን ገንዘብ ካለ፣ የሁለት ቀን ስብሰባና የምስክር ወረቀት ላይ ከሚውል ይልቅ ለእነዚህ አራት ወጣቶች የትራንስፖርትና የውሎ አበል እንዲሆን እንጠይቃለን። ሥራ ትታ ለምትማር ሴት የቀኑ ገቢ ይቀርባታል፤ ይህን የሚሸፍን ከሌለ ልጆች ያሏት እናት አትመጣም።

መማር የምትፈልጉ እህቶች ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። መደመርና መቀነስ ከቻላችሁ፣ ሌላውን ቁጭ ብለን እናሳያችኋለን። ቁልፉን ብቻችንን ይዘን ቆይተናል፤ አሁን ቅጂ እናስቀርጽለታለን።