አሰልጣኙ ሲሄድ ምን ይቀራል?

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ታኅሣሥና ጥር የስንብት ወራት ናቸው። ፉትቦል ስል እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም፤ ራስ ቁር ደፍተው፣ ሞላላዋን ኳስ በእጃቸው ይዘው የሚጋፉበትን ጨዋታ ነው። የውድድር ዓመቱ ሲገባደድ አንድ ስመ ጥር የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን ይሰበስብና ወደ ፕሮፌሽናል ቡድን መሄዱን ይነግራቸዋል። እነዚህን ልጆች መልምሎ ያመጣቸው እሱ ነው። ወላጆቻቸው ሳሎን ተቀምጦ «ልጃችሁን ለእኔ ስጡኝ» ያለው እሱ ነው። አሁን እሱ ሊሄድ ነው፤ እነሱ ሊቀሩ ነው።

ይሄ ነገር የአሜሪካኖች ብቻ ይመስላል። ግን ጥያቄውን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው፦ አንድ ጎበዝ አስተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ትልቅ ሥራ ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል? ምንስ ትቶ ይሄዳል? እንዲህ ከጠየቅን ታሪኩ ከእኛው ሰፈር ሊጀምር ይችላል።

ትምህርት ቤቱ መምህሩ ሲሆን

ከአንኮበር ተራራ ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል ስትወርዱ አሊዩ አምባን ታገኛላችሁ። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ መንግሥት የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት እዚያ ያራግፋል፤ ዓርብ ዓርብ ትልቅ ገበያ ይቆማል። ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያ ሰንብቶ ስለ ከተማዋ በሰፊው ጽፏል።

በእነዚህ መንገዶች ይጓዝ የነበረው ግን ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ተማሪም ነበር። በቆላው በኩል ደረሳው ቁርኣኑን ከጨረሰ በኋላ ፊቅህ ከሚያስቀራ ሼህ ዘንድ ይሄዳል፣ ከዚያ ሰዋስው ወደሚያስቀራው ሌላ ሼህ ይሻገራል። በደጋው በኩል የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ዜማውን ከአንዱ የኔታ፣ ቅኔውን ከሌላው ይማራል። በሁለቱም ወገን አንድ የጋራ ነገር አለ፦ ትምህርት ቤቱ ሕንፃው አይደለም፣ መምህሩ ነው። መምህሩ አገር ከቀየረ ትምህርት ቤቱ አብሮት ይሄዳል፤ ተማሪውም ስንቁን ቋጥሮ ይከተላል።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ደካማ ይመስላል። አንድ ሰው ከሞተ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደል? ለዚህ ግን ሁለቱም ወገኖች መፍትሔ ነበራቸው። በእስልምናው ትምህርት ኢጃዛ አለ፤ አንድ ደረሳ ያንን ኪታብ ለሌሎች እንዲያስቀራ ከሼሁ የሚያገኘው ፈቃድ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ደግሞ ማስመስከር አለ፤ ተማሪው የደረሰበትን በሊቃውንት ፊት አሳይቶ መምህር ይሆናል። ስለዚህ የሚመረቀው ያወቀ ብቻ ሳይሆን ማሳወቅ የሚችል ነው። በእኔ ሙያ ቋንቋ ብናገር፣ ሥርዓቱ መጠባበቂያ ነበረው።

ትምህርት ቤቱ ቀርቶ መምህሩ ሲሄድ

የአሜሪካው ታሪክ በተገላቢጦሽ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የሩትገርስና የፕሪንስተን ኮሌጆች ተማሪዎች ያደረጉት ግጥሚያ የመጀመሪያው የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ ተብሎ ይቆጠራል። ዛሬ ኤንኤፍኤል የሚባለው የፕሮፌሽናል ሊግ የተመሠረተው ግን በ1920 ነው። በሃምሳ ዓመት ኮሌጁ ቀደመ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ፣ ስታዲየሙ፣ መለያው፣ ደጋፊው ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ነው። አሰልጣኝ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ አይንቀሳቀስም።

የሄዱት አሰልጣኞች ዕጣ ግን በጣም የተለያየ ነው። ሉ ሆልትዝ ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ተነስቶ በ1976 የኒውዮርክ ጄትስ አሰልጣኝ ሆነ። 3 አሸንፎ 10 ከተሸነፈ በኋላ አንድ ጨዋታ ሲቀር ሥራውን ለቀቀ። ወደ ኮሌጅ ተመለሰና በ1988 ከኖተርዳም ጋር ሻምፒዮን ሆነ። ስቲቭ ስፐሪየር በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እንደ ንጉሥ የሚታይ ሰው ነበር፤ በዋሽንግተን ቡድን በ2002 እና በ2003 12 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። ኒክ ሴባን ከኤልኤስዩ ጋር የ2003ን ዋንጫ ወሰደ፤ ከማያሚ ዶልፊንስ ጋር በሁለት ዓመት 15 አሸንፎ 17 ተሸነፈ፤ ከዚያ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

አንድ ሰው እንዴት እዚህ ሊቅ፣ እዚያ ተራ ይሆናል?

የፓምፑ ነገር

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ መልሱን ያውቀዋል። አንድን የውሃ ፓምፕ ከወንዙ አጠገብ ላለ ማሳ ብታስነሱት ውሃው ይንፎለፎላል። ያንኑ ፓምፕ ኮረብታ ላይ ወዳለ ማሳ ውሃ እንዲገፋ ብታደርጉት ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ፓምፑ አልተበላሸም። ከፓምፑ የሚወጣው የውሃ መጠን የሚወሰነው በፓምፑ ብቻ ሳይሆን በተገጠመለት መስመርም ነው፤ ከፍታው፣ የቱቦው ርዝመትና ስፋት ሁሉ ይገባበታል። መሐንዲሶች ሁለቱን ኩርባዎች በአንድ ወረቀት ላይ ስለው የሚገናኙበትን ነጥብ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

የኮሌጅ አሰልጣኝ የሚሠራበት መስመር ቁልቁለት ያለው ነው። ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ ምርጦቹን ልጆች መርጦ ይሰበስባል። አሰልጣኙ ወላጅ በማሳመን ጎበዝ ከሆነ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ግማሹን አሸንፏል። ኤንኤፍኤል ውስጥ ግን ነገሩ ሆን ተብሎ እንዲመጣጠን ተደርጓል። ከ1936 ጀምሮ አዳዲስ ተጫዋቾች በዕጣ መሰል ምርጫ ይከፋፈላሉ፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን በቅድሚያ ይመርጣል። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ቡድኖች ለደመወዝ የሚያወጡት ገንዘብ ጣሪያ ተበጅቶለታል። የመመልመል ችሎታ እዚህ ብዙም አይሠራም። በዚያ ላይ የ18 ዓመት ልጅ የሚሰማውን ቁጣ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የ30 ዓመት ባለሙያ እሺ ብሎ ላይቀበለው ይችላል።

የተሳካላቸውም አሉ። ጂሚ ጆንሰን ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ ወደ ዳላስ ካውቦይስ ሲሄድ በ1989 አንድ ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 15 ተሸነፈ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሁለት ሱፐር ቦውል በተከታታይ ወሰደ። እሱ አዲሱን መስመር አጠና፤ ተጫዋች በመለዋወጥ ብዙ የምርጫ ዕድል አከማቸ። ማለትም የመልማይነት ዓይኑን አዲሱ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ተጠቀመበት።

ወረቀት ላይ የቀረ እውቀት

ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው ከቢል ዎልሽ ታሪክ ውስጥ ነው። ዎልሽ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ የሄደው በ1979 ነው። የመጀመሪያው ዓመት 2 ድል፣ 14 ሽንፈት ነበር። በሦስተኛው ዓመት ውድድር ሱፐር ቦውል ወሰደ። ሰውየው ሁሉን ነገር የሚጽፍ ነበር፤ የጨዋታውን የመጀመሪያ ሙከራዎች ሳይቀር ቀድሞ በዝርዝር ያዘጋጅ ነበር። ልምምዱ፣ የእያንዳንዱ ረዳት ኃላፊነት፣ ሁሉም በወረቀት ነው። ሦስተኛውን ዋንጫ ወስዶ በ1989 መጀመሪያ ሲለቅ ረዳቱ ጆርጅ ሲፈርት ቦታውን ያዘ፤ ቡድኑ በቀጣዩ ዓመትም ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚህ ጋር ቦቢ ፔትሪኖን አስተያዩ። በ2007 ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ወደ አትላንታ ፋልከንስ መጣ፤ 13 ጨዋታ አድርጎ፣ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ፣ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄደ። ለተጫዋቾቹ የተወላቸው መቆለፊያ ሳጥናቸው ላይ የተለጠፈች አጭር የስንብት ማስታወሻ ናት። ሁለቱም ወረቀት ትተዋል እንግዲህ፤ የወረቀቱ ዓይነት ግን ይለያያል።

ከካዴት ትምህርት ቤት እስከ በቆጂ

የእኛ ስፖርትም ሥሩ ትምህርት ቤት ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ኢትዮጵያ የመጣው የኦሊምፒክ አሰልጣኝ ሆኖ ሳይሆን የስፖርት አስተማሪ ሆኖ ነው። ከክብር ዘበኛ ወታደሮች መካከል አበበ ቢቂላን አሰልጥኖ በ1960 ሮም ላይ አበበ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶኑን አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደገመው፤ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማሞ ወልዴ ሦስተኛውን ጨመረ።

ከኒስካነን በኋላ ነገሩ ቢቆም ኖሮ «የፈረንጅ ተአምር» ተብሎ ይቀር ነበር። አልቆመም። በሮም ኦሊምፒክ በአጭር ርቀት የሮጡት ንጉሤ ሮባ አሰልጣኝ ሆኑ፤ ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ 5000 እና 10,000 ሜትር ሲያሸንፍ የቡድኑ አሰልጣኝ እሳቸው ነበሩ። ቀጥለው በሃንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ የነደራርቱንና የነኃይሌን ትውልድ አሰለጠኑ። ያ የኢጃዛው ነገር እዚህም ይታያል፦ የሠለጠነው አሰልጣኝ ሆነ።

በቆጂ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ አለ። አርሲ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሩጫን የጀመሩት በእሳቸው እጅ ነው። የሦስቱን የኦሊምፒክ ወርቅ ብንደምር 8 ይሆናል። ልጆቹ እየጠነከሩ ሲሄዱ አዲስ አበባ ያሉ ክለቦች ይወስዷቸዋል። መምህሩ ግን እዚያው ቀሩና የሚቀጥለውን ክፍል ልጆች ወደ ሜዳ ይዘው ወጡ።

ከአሜሪካው ጋር ስናስተያየው አስገራሚ ነው። እዚያ አሰልጣኙ ይሄዳል፣ ተማሪው ይቀራል። በቆጂ ላይ ተማሪው ሄደ፣ መምህሩ ቀሩ። የከተማዋ ምንጭ ያልደረቀው አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ መምህሩ መሄድ የለበትም?

እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። እኔ በተማርኩበት የቆላ ትምህርት ቤት አንድ የስፖርት መምህር ነበሩን። የመረብ ኳስ ቡድናችንን ከምንም አንስተው ለዞን ውድድር አበቁት። በክረምቱ ወደ ከተማ ተዛወሩ፤ በመስከረም ስንመለስ መረቡ መጋዘን ገብቷል። ያኔ ተቆጥተን ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ልጆች ያሏቸው ሰው ናቸው፤ የተሻለ ደመወዝና ቤት አገኙ። አንድ ሰው ድሃ ሆኖ እንዲቀርልን መጠበቅ ዕቅድ አይባልም።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ መፍትሔ እየፈለጉ ነው። ቀደም ሲል ዩኒቨርሲቲ የሚቀይር የፉትቦል ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። ከ2021 ወዲህ ይህ ደንብ ላልቶ ተጫዋቹም መሄድ ይችላል። አሰልጣኙ ወደ ሌላ ኮሌጅ ከሄደ ልክ እንደ ደረሳው ሊከተለው ይችላል፤ ወደ ኤንኤፍኤል ከሄደ ግን መከተል የለም። ይሄ ለተጫዋቹ ነፃነት ነው። ለተተወው ትንሽ ኮሌጅ ግን በአንድ ክረምት ባዶ መሆን ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይሂድ ወይስ ይቅር አይደለም፤ ሲሄድ የሚረከበው ማነው ነው። ይሄ ደግሞ እናንተም የምትሠሩት ነገር ነው። በትምህርት ቤታችሁ ቡድን ካለ አንድ ወፍራም ደብተር ይኑራችሁ። የትኛው ቀን ምን ልምምድ ተሠራ፣ ማን በስንት ደቂቃ ሮጠ፣ ማን ተጎዳ፣ ከዕረፍት በኋላ እንዴት ተመለሰ፤ ሁሉንም ጻፉ። ሰዓቱን በስልካችሁ መያዝ ትችላላችሁ። መምህሩን ጠይቁ፤ «ይሄን ልምምድ ለምን አስቀደሙት?» በሏቸውና መልሱን መዝግቡ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ የዘጠነኛ ክፍሎቹን በሳምንት አንድ ቀን ያሰልጥን። ደብተሩም ከትምህርት ቤቱ አይውጣ።