የማኒላ ነርሶች መንገድ

ፊሊፒናውያን ነርሶች ለምን አገራቸውን ጥለው ይሄዳሉ ሲባል «ለደሞዝ ነዋ!» ማለት ይቀናናል። ደሞዙስ እውነት ነው፤ መንገዱ ግን የተጠረገው ቀደም ብሎ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1898 ፊሊፒንስን ከስፔን ተረከበች። ከዚያም የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ሥርዓቱም የአሜሪካ። ልጅቷ ገና ማኒላ ሳለች ለኒውዮርክ ሆስፒታል ትሰለጥን ነበር ማለት ይቻላል።

በ1948 የተጀመረው የልውውጥ ፕሮግራም ለሁለት ዓመት «እንዲማሩ» ወሰዳቸው። ስሙ ልውውጥ ይባል እንጂ፣ ነርስ ያጠራቸው ብዙ ሆስፒታሎች በትንሽ አበል የሙሉ ነርስ ሥራ አሠሯቸው። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የቆየውን የአገር ኮታ አንስቶ በዚያው ለመቅረት በር ከፈተ። በ1974 ደግሞ የፈርዲናንድ ማርኮስ መንግሥት፣ ገጠሩ የነርስ ያለህ እያለ፣ ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክን ፖሊሲው አደረገው። ዶላሩን ይፈልገው ነበርና።