ኪቨርኖ፦ ለኩበርኔቲስ ክላስተር ፖሊሲ ማዘጋጃና ማስፈጸሚያ ሶፍትዌር

ኪቨርኖ በኩበርኔቲስ በሚተዳደር የኮምፒውተር ክላስተር ላይ ፖሊሲ ለመጻፍና ለማስፈጸም የሚያገለግል፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ክላስተር ሲባል በርካታ ሰርቨሮች ተቀናጅተው እንደ አንድ የሚሠሩበት አደረጃጀት ነው። ኩበርኔቲስ ደግሞ በእነዚህ ሰርቨሮች ላይ መተግበሪያዎችን የሚያሰማራና የሚቆጣጠር፣ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ሥርዓት ሲሆን ስያሜው በግሪክኛ የመርከብ መሪን ያመለክታል። ኪቨርኖም ስሙን ያገኘው በዚያው ቋንቋ «ማስተዳደር» ከሚለው ቃል ነው። ኒርማታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል።

ፖሊሲ ለምን ያስፈልጋል?

አንድ ክላስተር አብዛኛውን ጊዜ የብዙ የሥራ ክፍሎች የጋራ ንብረት ነው። የማስታወሻ ገደብ ያልተቀመጠለት አንድ መተግበሪያ የሰርቨሩን አቅም ጠቅልሎ በመውሰድ የጎረቤቶቹን አገልግሎት ሊያቋርጥ ይችላል። ይህን የሚከለክል መመሪያ በወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ወረቀቱ በር ላይ ቆሞ አይፈትሽም።

ኩበርኔቲስ ቀደም ሲል የራሱ የፖድ ደኅንነት ፖሊሲ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 1.25 እትም ግን ተወግዷል። የተተካው አሠራር ሦስት ቋሚ የጥበቃ ደረጃዎች ብቻ ያሉት በመሆኑ፣ ለምሳሌ «እያንዳንዱ መተግበሪያ የባለቤቱን ክፍል ስም ይያዝ» የሚል የተቋም ደንብ አይቀበልም። ኪቨርኖ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ

ማንኛውም ጥያቄ ወደ ክላስተሩ ሲላክ አስቀድሞ የላኪው ማንነትና ፈቃድ ይረጋገጣል። ከዚያም ጥያቄው ከመመዝገቡ በፊት ለኪቨርኖ ይቀርባል። ሁለቱ ፍተሻዎች ሊምታቱ አይገባም፤ ፈቃድ «ማን ምን ይሥራ?» ለሚለው መልስ ሲሰጥ፣ ፖሊሲ የሚመልሰው «የሚሠራው ነገር እንዴት ያለ ይሁን?» የሚለውን ነው።

የፖሊሲ ደንብ የቀረበውን ያረጋግጣል፣ የጎደለውን ያሟላል፣ ወይም አዲስ ነገር ይፈጥራል፤ ለምሳሌ አዲስ ኔምስፔስ በተከፈተ ቁጥር የኔትወርክ መገደቢያ አብሮ እንዲፈጠር ማድረግ ይቻላል። የኮንቴይነር ኢሜጅ ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥና ጊዜው ያለፈበትን ማጽዳትም ይችላል። ፖሊሲው የሚጻፈው የክላስተሩ ባለሙያዎች በየዕለቱ በሚጠቀሙበት በያምል ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው ጌትኪፐር በዋናነት ሬጎ የተባለ ራሱን የቻለ ቋንቋ መማርን ይጠይቃል። ባለሙያ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ተቋም፣ ተተኪው አንብቦ የሚረዳው ፖሊሲ መኖሩ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከመዝገብ ወደ ክልከላ

ኪቨርኖ ጥሰትን በሁለት መንገድ ያስተናግዳል። በ«ኦዲት» ጥያቄውን አሳልፎ ጥሰቱን በሪፖርት ይመዘግባል፤ በ«ኢንፎርስ» ጥያቄውን ይመልሳል። ሁልጊዜ በኦዲት መጀመር ይገባል። ምክንያቱ የጥንቃቄ ልማድ ብቻ አይደለም። ክልከላው በሥራ ላይ ያለን ፖድ አያስቆምም፤ በመሆኑም ፖሊሲው በወጣበት ዕለት ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ከቀናት በኋላ ሌሊት አንድ ሰርቨር ቢወድቅና ኩበርኔቲስ ፖዱን በሌላ ሰርቨር ላይ እንደገና ሊፈጥር ቢሞክር ግን፣ ደንቡን የማያሟላው ፖድ እንደ አዲስ ጥያቄ ተቆጥሮ ይመለሳል። ጠዋት አገልግሎት ፈልጎ የሚመጣ ተገልጋይ የሚጠብቀው የተዘጋ ሥርዓት ነው። ኪቨርኖ ቀድሞ የተሰማሩትንም እየቃኘ ሪፖርት ስለሚያወጣ፣ በዝርዝሩ ላይ ያሉ ጥሰቶች ተስተካክለው ሳያልቁ ወደ ክልከላ መሸጋገር አይመከርም።

ሌላው ውሳኔ ኪቨርኖ ራሱ መልስ መስጠት ሲያቅተው የሚሆነውን ይመለከታል። «ፌይል» ከተመረጠ ፖሊሲው የሚመለከታቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይታገዳሉ፤ «ኢግኖር» ከተመረጠ ሳይፈተሹ ያልፋሉ። ለደኅንነት ፖሊሲ የመጀመሪያው ይሻላል፤ የፍተሻው ክፍል ግን ቢያንስ በሦስት ቅጂ፣ በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ሊሠራ ይገባል።

ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም ፖሊሲውን ከማላላት ይልቅ ለአንድ መተግበሪያ ብቻ የሚሠራ ልዩ ፈቃድ መጻፍ ይቻላል። ይህን የመጻፍ ሥልጣን በጥቂት ኃላፊዎች እጅ ካልተወሰነ ፖሊሲው ስሙ ብቻ ይቀራል።

አዲስ ፖሊሲ ክላስተሩን ሳይነካ በኪቨርኖ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ መሞከር ይችላል። እያንዳንዱ ደንብ ጥያቄው ለተመለሰበት ባለሙያ የሚደርስ መልእክት ይይዛል፤ መልእክቱ «ተከልክሏል» ከማለት አልፎ ምን መስተካከል እንዳለበት ሊገልጽ ይገባል። ያምል የግዕዝን ፊደል ስለሚቀበል መልእክቱን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ የፖሊሲው ስም ግን በላቲን ትናንሽ ፊደላት መሆን አለበት።