በቅሎና ግመል ባንድ ኮርቻ

ጎንደር ላይ ቤት፣ ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ዮሐንስ ላይ የሰሊጥ ሥራ፣ በዚያ ላይ ሚስትና ሦስት አራት ልጆች ያሉት ሰው ዛሬ መኪና ልግዛ ብሎ ቢነሣ ምርጫው እንደ አባቱ ዘመን አይደለም። አባትየው ከቀናው ላንድሮቨር፣ ካልሆነም ያገለገለች ቶዮታ ነበር የሚያስበው። ልጁ ግን ቁመናው ላንድክሩዘር የሚመስል፣ ቻይና ያመረተችው፣ ሌሊት ከቤት ሶኬት ኤሌክትሪክ ጠጥቶ የሚያድር፣ ኤሌክትሪኩ ሲያልቅበት ደግሞ ቤንዚን የሚያቃጥል መኪና ይታየዋል። «ፕላግ ኢን ሃይብሪድ» ይሉታል። ሻጩ ስለ ስክሪኑና ስለ ወንበሩ ቆዳ ይተርክለታል። እኛ እዚህ ስለ ስክሪኑ አናወራም። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ያ ታሪክም ከሞላ ጎደል በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፦ ይዘኸው የምትወርደው ነገር ቆላ ሲደርስ ምን ይበላል? ሲታመምስ ማን ያክመዋል?

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት በቆየበት ጊዜ የራስ ኤል ፊል ገዥ ተብሎ ተሹሞ ነበር። ራስ ኤል ፊል ዛሬ መተማ የምንለው አካባቢ ነው። ሹመቱ ከስም ብዙም ያለፈ አልነበረም፤ ቢሆንም በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ጎንደርን ለቆ ወደ ስናር ሲጓዝ በዚያው በቆላው በኩል ነው የወረደው። በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለአንዲት ዝንብ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ስሟንም ሳይተረጉም «ዝንብ» ብሎ ነው ያስገባት። ክረምት ገብቶ ጥቁሩ አፈር ሲርስ ትነሣለች፤ ከብቱ ገና ድምጿን ሲሰማ ግጦሹን ጥሎ ይበረግጋል፤ ያለው መድኃኒት መንጋውን ይዞ ወደ አትባራ አሸዋ መሸሽ ነው። ከዘጠና ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በተከዜና በአትባራ ተፋሰስ ሲዞር ዐረቦቹ «ሰሩት» ስለሚሏት ዝንብ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። እሱም በ1854 ዓ.ም. መተማን አይቷል።

የመተማ ገበያ በዚህች ዝንብ ላይ የቆመ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የደጋ በቅሎና አህያ ቆላ ወርዶ ክረምቱን ቢያድር ያልቃል። የሱዳን ግመል ደግሞ ከጭልጋ አቀበት ሥር ሲደርስ ብርዱና ድንጋዩ ይጥለዋል። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው በበጋ ቡናውን፣ ሰሙንና ሌላ ሸቀጡን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ይወርዳል፤ የሱዳኑ ነጋዴ ጥጡንና ጨርቁን በግመል ጭኖ ይመጣል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ሁለቱም እንስሳት ለጥቂት ሳምንታት በሕይወት ሊቆሙበት በሚችሉት ቦታ ነው። ያ ቦታ መተማ ነው። ከምዕራብ የመጡት ተክሩሮች ሰፍረው ገበያውን ያዙት፤ ግብሩንም አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ፣ አንዳንዴም ለሁለቱም ይከፍሉ ነበር። ሰውም ይሸጥበት እንደነበር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም።

መጋቢት 1881 ዓ.ም. ላይ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ ዐፄ ዮሐንስ ወድቀው ከተማዋ ስማቸውን ወረሰች። ገበያው ለዓመታት ጠፋ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ድንበሩ ሲሰመር መተማ ወዲህ፣ ገላባት ወዲያ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ተሽከርካሪ መጣ።

ቆላው ስለ መንኮራኩር መራራ ትምህርት ያገኘው በጦርነት ነው። (በነገራችን ላይ፣ ለመንኮራኩር አስቀድሞ መንገድ እንደሚያስፈልገው ካሳዩት ነገሥታት ቀዳሚው የዚሁ ቆላ የቋራ ልጅ ነበሩ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ከመድፉ በፊት የሚሄደው መንገድ ጠራጊው ነበር።) ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ጣልያን የያዘውን ገላባትንና መተማን ለማስለቀቅ 12 ታንክ ይዞ አጠቃ። ገላባትን ያዘ። ታንኮቹን ግን ከጣልያን መድፍ ይልቅ የመተማ ድንጋይ ጨረሳቸው፤ ከፈንጂው ጋር ተባብሮ ሰንሰለታቸውን እየበጠሰ ከ12ቱ 9ኙን አቆማቸው። ሊጠገኑ ይችሉ ነበር፤ ዳሩ ግን የጣልያን አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ መለዋወጫ የጫነው መኪና ጋየ። ስሊም በነጋታው አፈገፈገ፤ መተማም ለጊዜው ጣልያን እጅ ቀረች።

በዚያው ዓመት፣ ጥር 12 ቀን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከመተማ በስተ ደቡብ ርቃ በምትገኘው ኦሜድላ በኩል ገቡ። ወደ በላያ የሚወስደውን ቁጥቋጦና ገደል የጭነት መኪና ሊዘልቀው ስላልቻለ ጓዙ በግመል ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ደጋ ሲወጡ አለቁ። የዝንቧን ሕግ የሚያውቅ አንድ የመተማ ነጋዴ ቢጠየቅ ኖሮ አስቀድሞ በነገራቸው ነበር።

ከነፃነት በኋላ ያለው የጎማ ታሪክ ከሞላ ጎደል የናፍጣ ታሪክ ነው። ትሬንታ ኳትሮ፣ ኤንትሬ፣ ላንድሮቨር፣ በኋላም አይሱዙና የቻይናው ሲኖትራክ። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» እያለ መጥራቱ የፍጥነታቸው ዋጋ ምን እንደነበር ይናገራል። የሰሊጡና የጥጡ እርሻ ሲሰፋ፣ ሳሉጉ ከደጋ በየዓመቱ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ሲወርድ፣ እነዚህን መኪናዎች ያኖራቸው ጉልበታቸው ብቻ አልነበረም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ የሚሉትን ቃላት ልብ በሉ። ጣልያን ሲወጣ ጋራዡ ቀረ፤ ቃሉም ከመካኒኩ እጅ ጋር ቀረ። ባሌስትራ ሲሰበር ከመንገድ ዳር ያለ ብረት ቀጥቃጭ ሳይቀር ስሙን ያውቀዋል፣ ይጠግነዋልም። ቃል የሌለው ዕቃ ሐኪም የለውም። የሃይብሪዱ ኢንቨርተር እስካሁን የአማርኛ ስም አላገኘም።

ወደ መኖው እንመለስ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከሱዳን ነዳጅ ትገዛ ነበር፤ ቦቴውም በመተማ በኩል ይገባ ነበር። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ከሱዳን ዘይት ሦስት አራተኛው ግድም አብሯት ሄደ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በመተማ ድልድይ ላይ በብዛት የታየው ስደተኛ ነው። በሌላ በኩል ከጎንደር በሸሕዲ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር 230 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቷል፤ ኢትዮጵያም በዚያ ኤሌክትሪክ ስትሸጥ ቆይታለች። የቋራ ጎረቤት በሆነው በጉባ ደግሞ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ በአንድ በር ነዳጅ ሲገባ ኖሮ፣ በዚያው በር መብራት መውጣት ጀመረ ማለት ነው። ቤንዚኑስ? ባጃጅ ነጂው ማደያ ሲደርቅበት በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ይገዛል። (የቆላ ቤንዚን «ሃይላንድ» በሚሉት ዕቃ መሸጡ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።) በማደያም ቢሆን ሊትሩ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል።

በሁለት መኖ የሚያድር መኪና ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ቤንዚንና ባትሪ ያጣመረ ሠረገላ ሠርቶ ነበር፤ ማለትም የቤንትሌይ መኪና አዲስ አበባ ደርሳ ምኒልክ ከመሳፈራቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። ቶዮታ ፕሪየስን በ1997 እ.ኤ.አ. አወጣች። ከሶኬት የሚሞላውን ሃይብሪድ በብዛት አምርቶ ለገበያ በማቅረብ የቀደመው ግን በ1995 እ.ኤ.አ. ሼንዘን ላይ በባትሪ ፋብሪካነት የተቋቋመው ቢዋይዲ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ኤፍ ሦስት ዲኤም የምትባለውን አቀረበ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቶዮታ የሞተር ሠሪ ልጅ ናት፤ ባትሪውን ለሞተሩ ረዳት አድርጋ አመጣችው። ቢዋይዲ የባትሪ ሠሪ ልጅ ስለሆነ ሞተሩን ለባትሪው ረዳት አደረገው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተሰብ መኪናው ሶንግ ፕላስ ዲኤም አይ በአብዛኛው የሚሄደው በኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን፣ የቤንዚኑ ሞተር ብዙውን ጊዜ እንደ ጀነሬተር ያገለግላል። በሁለት ዓይነት ባትሪ ነው የቀረበው፤ ትንሹ 8.3፣ ትልቁ 18.3 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ብቻ 51 እና 110 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ይላል።

ይህን ቁጥር ሻንጋይ ላይ እንጂ ጭልጋ ላይ ማመን አይገባም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ግድም ነው፤ መተማ 700 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ 1400 ሜትር ነው። ቤተሰቡንና ጓዙን ጨምሮ 2 ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ርቀቱን ሳንቆጥር፣ 7.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ የትንሹን ባትሪ አቅም ጠርጎ ይወስዳል ማለት ነው። ስለዚህ ባለትንሹ ባትሪ መኪና ከመተማ ሲመለስ አቀበቱን የሚወጣው ከሞላ ጎደል በቤንዚን ነው። መውረዱ ግን በረከት አለው፦ ከአይከል በታች ያለው ቁልቁለት ፍሬኑ ሲያዝ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ነጋዴ ቆላ ሲወርድ በቅሎው ስትወፍር ያየ የለም፤ ይህቺ ግን ትወፍራለች።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ለምን አይሻልም? አዲስ አበባ ላይ ይሻላል ባይ ነኝ። ጎንደርና መተማ መካከል ግን ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ። መብራት ይጠፋል። የአማራ ክልል ጦርነት ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው ለማስለቀቂያ ገንዘብ የሚታገትበት ጊዜ አለ፤ ነጋዴ ባሕር ላይ ቆሞ ባትሪ እስኪሞላ መጠበቅ ማንም ለልጆቹ የሚመርጠው ነገር አይደለም። ሌሊት በጎንደር ሶኬት ተሞልቶ ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤትና ገበያ ያለ ቤንዚን የሚያመላልስ፣ በወር አንዴ ሁለቴ ደግሞ ቤንዚን ይዞ ቆላ ወርዶ የሚመለስ መኪና ለዚህ ቤተሰብ ከሁለቱም ይሻላል። ፍርዴ ይህ ነው። ሁለት መኖ ማወቅ በዚህ መንገድ ላይ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን ለማን እንደማይሆንም ልንገር። ኑሮው መተማ ዮሐንስ ሆኖ ሥራው ሽንፋና ቋራ ለሚያመላልሰው ባለእርሻ አይሆንም። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹን የሚጎትታቸው የፊት እግራቸው ብቻ ነው፤ ቁመናው ያታልላል እንጂ የከተማ መኪና ናቸው። ክረምት ላይ መረሬው ሲጨቀይ ሁለቱም መኖ አያወጣቸውም። በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ኤርኮንዲሽነሩ ልጆቹን ብቻ ሳይሆን ባትሪውንም ማቀዝቀዝ አለበት፤ ያም ከዚያው ከባትሪው ይቀነሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው ያረጀችው ናፍጣ ላንድክሩዘር ገና ጡረታ አልወጣችም።

የሕጉ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የታክስ ቅናሽ የተጻፈው ለኤሌክትሪክ መኪና ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ሃይብሪድ ደግሞ የጭስ ማውጫ ያለው ፍጡር ነው። ስለዚህ ገዢው ከስክሪኑ በፊት ሊብሬውን ይይ፤ መኪናው ምን ተብሎ እንደተመዘገበ፣ ቀረጡ በየትኛው መደብ እንደተከፈለ በወረቀት ያረጋግጥ። ከዚያ ኮፋኖውን ያስከፍትና ብርቱካናማውን ወፍራም ሽቦ ይመልከት። ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚሄደው በእሱ ነው፤ የመንገድ ዳር መካኒክ በፒንሳ ሊነካው አይገባም። ያንን ሽቦ ጎንደር ላይ ማን እንደሚከፍተው፣ መለዋወጫውም ከየት ከተማ በስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩ ቀብድ ሳይቀበል ይንገረው።