የበረራ ሰዓት ለውጥና የተሳፋሪ መብት

የበረራ ሰዓት ለውጥ አንድ አየር መንገድ ትኬት ከሸጠ በኋላ የአውሮፕላኑን መነሻ ሰዓት ሲያስቀድም ወይም ሲያዘገይ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። አየር መንገዶች ሰዓት መለወጥ እንደሚችሉ በትኬቱ ውል ውስጥ ያሰፍራሉ፤ ሆኖም ለውጡ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ተሳፋሪው ገንዘቡን የማስመለስ ወይም በሌላ በረራ የመሄድ፣ በአንዳንድ አገሮችም ካሣ የማግኘት መብት አለው። መብቱ የሚለካው በተሳፋሪው ዜግነት ሳይሆን በረራው በሚነሳበትና በሚያርፍበት አገር ሕግ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ

ከእነዚህ ሕጎች በሰፊው የሚታወቀው ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ነው። ከኅብረቱ አገሮች የሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን፣ በደንቡ ይሸፈናል። ከውጭ ወደ ኅብረቱ የሚገባ በረራ የሚሸፈነው ግን አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በደንቡ ይጠቀማል፤ በዚያው አየር መንገድ ሲመለስ ግን፣ ትኬቱ ደርሶ መልስ ቢሆንም፣ አይጠቀምም።

ደንቡ ስለ መሰረዝና ስለ መዘግየት እንጂ ሰዓት ስለ ማስቀደም በግልጽ አይናገርም። የዘገየበት ተሳፋሪ ቢጉላላም ይሳፈራል፤ የቀደመበት ግን አየር ማረፊያ ሲደርስ አውሮፕላኑ ሄዶ ሊያገኘው ይችላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2021 ከ1 ሰዓት በላይ የቀደመ በረራ እንደ ተሰረዘ እንዲቆጠር ወስኗል። በ2009 ደግሞ ወደ መድረሻው 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የገባ ተሳፋሪ በረራው እንደ ተሰረዘበት ሰው ካሣ እንዲያገኝ ፈርዶ ነበር።

ካሣው እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ነው፤ የፍራንክፈርትና የአዲስ አበባ ርቀት ከ3,500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ በ600ው ውስጥ ይወድቃል። ለውጡ ከጉዞው ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ ከተነገረ ካሣ አይከፈልም። ከ7 እስከ 14 ቀን ሲቀር ከተነገረም፣ አዲሱ መነሻ ከ2 ሰዓት በላይ ካልቀደመና መድረሻው ከ4 ሰዓት ባነሰ ከዘገየ አየር መንገዱ ነፃ ነው። እንደ ከባድ የአየር ጠባይ ያለ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያትም ከካሣ ያድናል፤ የተለመደ የሞተር ብልሽት ግን አያድንም። ምግብና ማደሪያ የማቅረብ ግዴታ በማንኛውም ምክንያት አይቀርም።

ማስታወቂያው ደረሰ ወይስ አልደረሰም

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ተሳፋሪው በጊዜው ተነግሮታል ወይ በሚለው ላይ ነው። የማስረዳት ሸክሙ የአየር መንገዱ ነው። በ2017 በተሰጠ ፍርድ መሠረት ለትኬት ወኪሉ መንገር ለተሳፋሪው መንገር አይደለም፤ ወኪሉ መልእክቱን ሳያስተላልፍ ቢቀር ካሣውን የሚከፍለው አየር መንገዱ ነው። ይህ በዘመድ ወይም በትኬት ቢሮ በኩል ለሚገዙ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ በትኬቱ ላይ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል የወኪሉ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

በመልእክቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ሲሆን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጠራል። 20:30 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 ነው። ከ22:45 ወደ 00:20 የተገፋ በረራ ደግሞ ቀኑም ተለውጧል።

ሌሎች ሕጎች

በአሜሪካ በ2024 በወጣው ደንብ መሠረት የአገር ውስጥ በረራ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ዓለም አቀፍ በረራ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቀደመ ወይም ከዘገየ፣ አዲሱን ሰዓት ያልተቀበለ ተሳፋሪ ገንዘቡ ይመለስለታል። በገንዘቡ ፈንታ ቫውቸር ውሰድ ተብሎ አይገደድም። ካሣ ግን የለም። በእስራኤል የ2012 ሕግ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ የዘገየ በረራ እንደ ተሰረዘ ይቆጠራል፤ ሕጉ ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ የሚደረገውንም በረራ ይመለከታል።

ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት የተቆረጠ ካሣ አይሰጥም። በመዘግየት የደረሰበትን ኪሳራ በደረሰኝና በመሳሰለው ማስረጃ ያረጋገጠ ተሳፋሪ ግን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ መጠየቅ ይችላል፤ ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል።